ማን ይይዛታል?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን

ለምወድህ ባለቤቴ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። እናትህን አልፎ አልፎ ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ምላሳቸው እንደሆነ ከእኔም ከአንተም ጤነኛ ነው። ትናንት ካፖርትህን ከቁም ሳጥን አውጥቼ ፀሐይ ላይ ሳሰጣ አይተው፣ «ባለቤቱ ለሌለ ልብስ ምን ያደክምሻል?» አሉኝ። ብል እንዳይበላው ነው አልኳቸው። እውነቱን ልንገርህ፣ ሽታህ እየለቀቀው ነው፤ ፀሐይ ላይ ማውጣቴም ሳያባብሰው አልቀረም።

ቪዛዬ መውጣቱን የነገርከኝ መልእክት ደርሶኛል። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። መስኮቱ ወደ ወደቡ እንደሚያሳይ፣ ሁለተኛ ወንበር እንደገዛህ፣ ሁሉንም።

መልሱን ያዘገየሁት ሥራ ጠምዶኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ስክሪን ላይ ምን እንደማፈጥ ትጠይቀኝ የለ? የሰፈራችንን ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ታውቀዋለህ፤ እናትህን ይዘን ስንት ጊዜ ደጁ ላይ ተኮልኩለናል። የካርዱ ፕሮግራም የተጻፈው ጃቫ በሚባል የኮምፒውተር ቋንቋ ነው። በጃቫ የተጻፈ ነገር ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ከሥር ሆኖ የሚያስኬደው ቨርቹዋል ማሽን የሚባል ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል። እዚያ ያለው አርጅቷል፣ የሚጠግነውም የለም። ስለዚህ መሥሪያ ቤታችን ለጤና ጣቢያ ኮምፒውተሮች በሚያዘጋጀው፣ ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ውስጥ ሌላ ማስገባት አለብን። ደንባችን ግን ጥብቅ ነው፤ ኮዱ ለማንም ክፍት መሆን አለበት፣ እኛም ራሳችን ከባዶ ሠርተን ማስነሳት መቻል አለብን። አንተስ ውስጡን ከፍተህ ያላየኸውን የብየዳ ማሽን መች ትነካለህ?

አንዲት እንዲህ ያለች ማሽን አገኘሁ። ትንሽዬ ናት፣ ለአሮጌ ኮምፒውተር የምትሆን። የፕሮግራሞችን የአጠቃቀም ፈቃድ የሚመረምረው ባልደረባችን፣ ጠርጣራው የምንለው፣ ፋይሎቿን አንድ በአንድ በርብሮ የሚነቅፈው ሲያጣ አኩርፎ ምሳ ወጣ። እኔ ከኮዷ ተነስቼ ከባዶ ልሠራት ስል ግን እምቢ አለች፤ ለመሠራት ራሷ ቀድሞ የተሠራ ጃቫ ትጠይቃለች። ስታገል ሰንብቼ፣ ይህን የማይጠይቅ የድሮ ቅጂዋን አገኘሁና በእሱ አዲሷን አስነሳኋት።

ጤና ጣቢያው ወስጄ ሞከርኳት። የካርድ ክፍሏ ሴትዮ የእናትህን ካርድ ስትጠራ ወዲያው ከች አለ። «ሻይዬን እንኳ አልጨረስኩም እኮ» አለች፣ ቅር ብሏት። ተጠሪ በሚለው ላይ ያለው ያንተ የድሮ ስልክ ነው። «ልቀይረው?» አለችኝ። የእኔን ነገርኳት።

ችግሩ፣ ማሽኗን የሠራት ሰውዬ ብቻውን ነው። ስጽፍለት ቶሎ መለሰ፤ «ብትወስዷት ደስ ይለኛል። ግን ዓይኔ እየደከመ ነው፤ እኔን ተማምናችሁ አትውሰዷት» አለኝ።

ትናንት አለቃችን ሰበሰበን። «ማሽኗ ጎበዝ ናት» አለ። «ነገ የደኅንነት ቀዳዳ ቢገኝባትስ ማን ይደፍነዋል? እየዞረ በነዚያ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የሚሞክራት፣ ለዓመታት ጥሏት የማይሄድ ሰው ካልያዛት አላስገባትም።»

የካርድ ክፍሉ ሰልፍ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ።

«እኔ እይዛታለሁ» አልኩ።

ጠርጣራው ዞሮ አየኝ። «አንቺ ባልሽ ጋ ልትሄጂ አልነበር እንዴ?»

አለቃችን በዓይኑ ገሠጸው። እኔም «እይዛታለሁ አልኩ እኮ» አልኩ።

ቤት ገብቼ ለእናትህ ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ጻፊለት» ብቻ አሉኝ። ይኸው ጻፍኩ።

ሌላ ምን አለ? ያንተን ጎን ትራስ አላነሳሁትም። አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ አንድ ሰው እንዳንተ ትከሻውን ዘንበል አድርጎ ሲሄድ አይና፣ እንዳልሆንክ እያወቅሁ እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

የጤና ጣቢያው የብረት በር ማጠፊያው ተገንጥሎ በሽቦ ታስሯል። በዚህ አካባቢ ደህና በያጅ ጠፍቷል። ዘበኛው ባገኘኝ ቁጥር «ባልሽ መቼ ነው የሚመጣው?» ይለኛል። ዛሬ ሲጠይቀኝ፣ «ና ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ መልሱን እየጠበቅሁ ነው» አልኩት።

አምላክ እጅህን ከእሳት፣ ዓይንህን ከብልጭታ ይጠብቅልኝ።

ዛሬም ያንተው የሆንኩ፣
ባለቤትህ