እሁድ የተከፈተው ኮፈን

ይድረስ ኦክላንድ ላለኸው ወንድሜ ለካቬንጋ፤

ከሄድክ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላህ ነው፤ ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ በጤና ያግኝህ። እኛ ደህና ነን። ዝናቡም ዘንድሮ ጥሩ ነው።

የአሮጌዋ መኪናችን ኦቶማቲክ ካምቢዮ ታሟል። የኋላ ማርሽ ስታስገባላት ቆማ ታስባለች፤ ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ደግሞ ትገፈትርሃለች። አባባ ያየዋል ብዬ ተውኩት። መቼም እዚህ ኑኩአሎፋ ውስጥ ስንቱን ካምቢዮ ሳይፈታ፣ ዘይቱን በነጭ ጨርቅ ጠርጎ በማሽተት ብቻ ሕመሙን የነገረ ሰው ነው። «ሞተር ሳያስነሳና ሳያሞቅ ዘይት የሚያይ፣ እሱ መካኒክ አይደለም!» እያለ ጆሮህን የቆነጠጠህን አትረሳውም።

እሁድ አየው። አዎ፣ ሕጉም ሥራ በሚከለክልበት በእሁድ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል እየተደወለ፣ ለጸሎት የሚታጠቀውን ሰሌን ወገቡ ላይ እንዳሰረ ኮፈኑን ከፈተ። ጎረቤታችን ላቲኒ በአጥሩ በኩል «አንተ ሰውዬ! በእሁድ ሥራ ፖሊስ ቢተውህ ፓስተሩ አይተውህም!» ብላ ሳቀች።

አባባም ሳቀ። «ቅዳሜ እኮ ነው» አላት።

እሷ መሳቋን ተወች።

ሞተሩ አልተነሳም ነበር። የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዞ በጨርቁ ጠረገው። ጨርቁ ጠቆረ፤ የተቃጠለው ዘይት ሽታ እኔ በረንዳው ላይ እስከቆምኩበት ድረስ መጣ። አባባ ጨርቁን አፍንጫው ላይ አድርጎ ቆየና «ንጹሕ ነው» አለ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «በል ካቬንጋ፣ ሞተሩን አስነሳው» አለኝ።

ገብቼ አስነሳሁት።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ብታስቀድመው ካምቢዮውን አብረን እናየው ነበር። እስከዚያው አምላክ ይጠብቅህ። አባባ በጣም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ሌሲኤሊ