አምስት ዓመት ሙሉ ጠብ ስላላለው የዩሪያ ታንከር

ለተከበሩ የአየር ጥራት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ደኅንነት እመኛለሁ፤ ቢሮዎ ከሠፈራችን የራቀ፣ ነፋሱም ወደዚያ የማይነፍስ በመሆኑ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም። እኔ በኃይል ማመንጫ ጣቢያው አራቱን ትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች ስጠግን ሃያ ሁለት ዓመት የቆየሁ መካኒክ ነኝ። በአደባባይ የምጽፍልዎ፣ ቀደም ሲል የላክኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎባቸው የሚመለከተው ሰው እስካሁን ስላልተገኘ ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ። ይህን ከወዲሁ ተናግሬ ልገላገል።

፩. በመጀመሪያ ስለ ዩሪያው አመሰግናለሁ። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት፣ ባያውቁትም እንደፈረሙበት፣ የናፍጣ ሞተር በጣም ሲግል ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ኦክሳይድ የሚባል መርዝ ይሠራል። ጥቁሩን ጭስ ሁሉም ያየዋል፤ ይሄኛው ግን ብዙውን ጊዜ ሳይታይ ገብቶ ደረት ውስጥ ይቀመጣል። መላው አስቸጋሪ አይደለም፤ ገበሬ ማሳው ላይ የሚበትነው ዓይነት ዩሪያ በውኃ ተበጥብጦ ጭስ ማውጫው ውስጥ ሲረጭ፣ እዚያ የተገጠመው ማጣሪያ አብዛኛውን መርዝ ጉዳት ወደሌለው አየርና እንፋሎት ይለውጠዋል። ይህን መሣሪያ ከአምስት ዓመት በፊት ያስገጠመልን የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው።

፪. ተቆጣጣሪዎችዎ በየሦስት ወሩ፣ ያውም ቀኑን አስቀድመው በደብዳቤ እያሳወቁ በመምጣታቸው ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በያዙት ቅጽ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ የዩሪያው ታንከር ሙሉ ነው ወይስ አይደለም? ሥራ አስኪያጃችን ነገሩ ወዲያው ገባቸውና ዩሪያውን ከታንከሩ ወደ ጭስ ማውጫው የሚለቀውን ቫልቭ እንድዘጋ አዘዙኝ፤ የተዘጋ ታንከር አይጎድልም። እኔም በገዛ እጄ ዘጋሁት። በአምስት ዓመት ውስጥ ሃያ ጊዜ «ሙሉ» ተብሎ ተጻፈልን፤ የአርአያነት ምስክር ወረቀት ሲሰጠንም ዓይኔን በጨው ታጥቤ አጨበጨብኩ። በየቀኑ ማለቅ ያለበት ነገር እንዴት አያልቅም ብሎ የጠየቀ አንድም ተቆጣጣሪ አልነበረም።

፫. የልጄ ልጅ ቫልቩን ከዘጋሁ በኋላ የተወለደች የአራት ዓመት ልጅ ናት። ሁላችንንም ስለምታዝዘን «አለቃ» እንላታለን። ቤታችን ከጣቢያው አጥር ጀርባ ነው፤ ሞተሮቹ ሲነሱ መደርደሪያው ላይ ያለው የወተት ኩባያዋ ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ጠዋት «አባባ፣ ደረቴ ውስጥ ድመት ገብታለች» አለችኝና ሳቅሁ። ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ ሳደርግ ግን እውነትም የሚያንኮራፋ ነገር ይሰማል፤ ስትተነፍስ በጎድን አጥንቶቿ መሃል ያለው ቆዳ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ከንፈሯም ጠቁሯል። ጤና ጣቢያ ስወስዳት ነርሷ «ቤታችሁ አጠገብ ምን አለ?» ብላ ብትጠይቀኝ «አጥር» ብዬ መለስኩ።

፬. በማግስቱ ማንንም ሳላስፈቅድ ቫልቩን ከፈትኩት። ታንከሩ በአሥራ አንድ ቀን ከግማሽ በታች ወረደ፤ ሲሠራ እንዲህ ነው የሚሆነው። በነፋሱ ይሁን በዩሪያው አላውቅም፣ አለቃም የቤታችንን ደረጃ እየሮጠች መውጣት ጀምራ ነበር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተቆጣጣሪዎ መጡ። ታንከሩን አዩ፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ከባድ ጉድለት ተገኝቷል» ብለው ጻፉብን። ታንከሩ እንዲሞላ አዘዙ፤ ዳግመኛ እንዳይጎድልም ቫልቩን እንደተዘጋ በሽቦ አስረው በመሥሪያ ቤትዎ የእርሳስ ማኅተም አሸጉት። ለእኔም የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለዚህ ትጋትዎ የምስጋና ቃል አጥሮኛል።

፭. አምስተኛው ቅሬታ አይደለም። በየጠዋቱ ጆሮዬን ጀርባዋ ላይ አድርጌ አዳምጣለሁ፤ ድመቷ ተመልሳለች። ከዚያ ቱታዬን ለብሼ እሄድና ሞተሮቹን አስነሳለሁ። የማስነሳቸው እኔ ነኝ፣ ክቡርነትዎ። አንድ ቀን ጆሮዬን አድርጌ ምንም እንዳልሰማ እፈራለሁ።

መሥሪያ ቤትዎ እንደ ታንከራችን ሙሉና የማይነቃነቅ ሆኖ እንዲኖር እየተመኘሁ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የአራቱ ሞተሮች መካኒክ፣ የአለቃ አያት

ማስታወሻ፦ ትናንት ከምሳ በኋላ ማኅተምዎን በፒንሳ ቆርጬ ቫልቩን ከፍቻለሁ፤ የተቆረጠውን የእርሳስ ማኅተም ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤዋለሁ። ታንከሩ መጉደል ስለጀመረ ተቆጣጣሪዎ ለቅጣት እንደሚመጡ አውቃለሁ። ሲመጡ እባክዎ በእኛ ቤት በኩል ይለፉና ጆሯቸውን ለአንድ ደቂቃ የልጅቷ ጀርባ ላይ ያሳርፉ፤ የሰሙትን የሚሞሉበት ቦታ ቅጹ ላይ ስለሌለ ባዶ ወረቀት እኔ አዘጋጃለሁ።