በአረቄው ሰዓት የምንሠራው

ሐረር፣ ግንቦት 10 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ ልጄ የሺ፣

ጽሕፈቱ ካስደነገጠሽ አይዞሽ፤ የእኔው ነው። እስከ ዛሬ አሰበ ተፈሪ የደረሱሽን ደብዳቤዎች እኔ እየተናገርኩ አባትሽ ነበር የሚጽፋቸው። ስለ አባትሽ ለራሱ ለአባትሽ እያጻፉ ምን ይባላል? «ሁላችንም ደህና ነን» እያልኩ ስንት ዓመት ዋሸሁሽ። አሁን ግን በሃምሳ አራት ዓመቴ ፊደል ቆጥሬአለሁ። ከመስመር ለወጣው ሁሉ ይቅር በይኝ።

ክፉ አፍ እንዳለኝ ታውቂያለሽ፤ እርጅናም አላጣፈጠኝም። ግን ደስ ብሎኛል። ደስታን መጻፍ ስላልለመድኩ ታገሺኝ።

አባትሽ መጠጥ ከተወ ስምንት ወር ሆነው። «ስንቴ ተወ!» ትያለሽ፤ እኔም ብዬ ነበር። መስከረም ላይ መሥሪያ ቤት ውስጥ እጁ ተንቀጥቅጦ ብዕር መያዝ ሲያቅተው፣ በገዛ እግሩ ሆስፒታል ሄዶ አንድ ሳምንት ተኛ። ሲወጣ ሐኪሙ ሁለታችንን ጠርቶ፣ «ዋናው ነገር ይጠጣበት የነበረውን ሰዓት በምን እንደምትሞሉት ነው» አለን።

«እሱ ይሙላው! እኔ አልጠጣሁም» አልኩ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ አየኝ። ያ አስተያየት እስከ ቤት ድረስ ተከተለኝ።

አልጠጣሁም፣ የሺ። ግን ጠርሙስ አስይዤ አረቄ ቤት የምልክሽ እኔ ነበርኩ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። «መንገድ ላይ ከሚወድቅ እቤቱ ይጠጣ» እል ነበር ለሰው። እውነቱ ሌላ ነው። እሱ ሰክሮ ሲተኛ የቤቱ አዛዥ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሰፈሩም «ምስኪን ተናኘ» ይለኝ ነበር፤ ይህም ጣፈጠኝ። ማታ ሲገባ ደግሞ በር ላይ ቆሜ አፉን አሸተው ነበር፤ ሰላምታችን ያ ነበር። ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም።

አሁን የምንሠራውን ልንገርሽ። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሥተን በኤረር በር ከግንቡ ወጥተን ቁልቁል እንሄዳለን። ስንመለስ ዳገቱ ላይ እኔ ሳለከልክ እሱ ይስቃል። ቁርስ ሳይበላ አይወጣም። ድሮ ምግቡን ቆልፌ «አረቄህን ብላ!» እል የነበርኩት ሴትዮ አሁን «ጨምር እንጂ» እላለሁ። ባዶ ሆድ አረቄ እንደሚጠራ የነገረኝ እሱ ነው፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ከሥራ ሲወጣም በአረቄ ቤቱ በኩል ማለፉን ትቶ በገበያው በጊደር መጋላ ዞሮ ይመጣል፤ ዘንቢል ይዞ! መጀመሪያ ቀን ሽንኩርት ሻጩ ቡሽራ፣ «አቶ አሰፋ፣ ባለቤትዎ ሞቱ እንዴ?» ብሎ ጠየቀው።

«የለም፤ ሞቼ የተነሣሁትስ እኔ ነኝ» አለው።

አሁን ቲማቲም ሲመርጥ ከእኔ በልጧል፤ እኔ የገዛሁትንም ይተቻል። በጣም ያናድደኛል።

ክፉዋ ሰዓት ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ናት፤ አረቄ ቤቱ የሚሞቅባት። በዚያች ሰዓት ጠረጴዛውን ደጅ አውጥተን ፊደል ያስተምረኛል። ቀበሌ የጀመርኩትን መሠረተ ትምህርት የጨረሰልኝ እሱ ነው።

«ተናኘ፣ ይሄ ‹ጨ› ነው ወይስ የተገለበጠ ወንበር?» ይለኛል።

«ቢጣመምም አንተ ሰክረህ እንደተገለበጥክበት ቦይ አይጣመም!» እለዋለሁ።

ድሮ ቢሆን በዚህች ቃል ተነሥቶ ይወጣ ነበር። አሁን ይስቃል። እኔ ግን እደነግጥና «ይቅርታ» እላለሁ። ከፊደሉ ሁሉ የከበደኝ ይቅርታ ማለት ነው።

ሲያምረውም አይደብቅም፤ «ዛሬ አማረኝ» ይላል። አልጮህበትም፤ ነጠላዬን ጣል አድርጌ «ተነሥ፣ እንሂድ» እለዋለሁ። በጥምቀት ማግስት አንዴ ወድቋል፤ አልደብቅሽም። ግን ገና ሳልጠጋው በር ላይ ቆሞ «ጠጥቻለሁ» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አፉን ማሽተቴን ተውኩ። ሲነጋም እንደ ወትሮው ወጥተን ሄድን።

ኅዳር ላይ ያደረግነውን ብታዪ! የሚካኤል ማኅበር የእኛ ተራ ነበር። ያለ ጠላ ጽዋ የት አለ? ጥንስሱ እቤት እየሸተተስ እሱ እንዴት ይተኛል? ተጨንቄ ተጨንቄ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ጋኑን ጎረቤታችን ሩቂያ ቤት ላስቀምጥ!

«አስተግፊሩላህ! አብደሻል እንዴ ተናኘ? የጠላ ጋን በእኔ ቤት? ባሌ አሕመድ ቢያይ እኔንም ጋኑንም አንድ ላይ ነው የሚያወጣን!»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«እኛን ሰርግ ስትጠሩን ምንድን ነው የምታጠጡን?»

«ብርዝ።»

«ለእኛ የበቃ ለባልሽ ምን አነሰው?»

ማር በውሃ፣ ያለ ጌሾ፣ ሳይፈላ! ዕድሜዬን ሙሉ ለእስላም እንግዳ ሳቀርብ ለራሴ ቤት አልታየኝም። ሮጬ ሄጄ ቄስ ኃይለመስቀልን ብጠይቃቸው፣ «ጽዋው የሚካኤል ነው፤ ስካሩ የእኛ ነው። አቅርቢ» አሉኝ። የአባትሽ የመጠጥ ጓደኛ ጋሽ ሳህሉ ግን ቀምሶ ፊቱን አኮማተረ።

«ተናኘ፣ ይሄ ማኅበር ነው ወይስ የሕፃናት ግብዣ?»

«ሳህሉ፣ እሰይ በል» አለው አባትሽ፤ «ዛሬ ቤትህን ራስህ ታገኘዋለህ።»

ቄሱ ሳይቀሩ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በዚህ ቤት ሰው ሳይሰክር እንዲህ ሲሳቅ ሰምቼ አላውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ መጣ። አባትሽ ሳይከፍተው «የዛሬ ትምህርትሽ ይሁን» ብሎ ሰጠኝ። ጣቴን እያስኬድኩ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። እንደ እኔ ዘግይቶ የተማረ ሰው ቃሉ የሚገባው ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው። «አባዬ... ባለበት... ቤት... ልጄን... አልወልድም።» ካልኩት በኋላ ገባኝ። ቀና ብዬ ላየው አልደፈርኩም።

«ጨርሺው» አለ።

«አሰፋ...»

«ጨርሺው። እውነቷን ነው።»

ጨረስኩት። አማትሽ ቤት እንደምትታረሺ፣ ሽማግሌ የመጣበትን ቀን እንዳልረሳሽ። ሽማግሌዎቹ ፊት ሰክሮ መሬት ላይ ሲዘረጋ አንቺ ከጓዳ ታዪ ነበር። እሱ ግን ያንን ቀን አያስታውሰውም ነበር፤ አሁን ከእኔ አፍ ሰማው። ተነሥቶ ወጣ። ነጠላዬን እንኳ ሳልይዝ ተከተልኩት። አጥሩ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነበር።

«እንደ ዛሬ አምሮኝ አያውቅም» አለኝ።

ኤረር በር ደርሰን ተመለስን፤ አልበቃ ሲለን እንደገና ሄድን። በሁለተኛው ላይ፣ «የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ትውለድ። እኔ እስከ ክርስትናው ከከተማ ወጣ ብዬ ድሬ ጠያራ፣ አሕመድ እርሻ ላይ እቀመጣለሁ» አለ።

ልቤ ዘለለ፤ አንቺን ላገኝሽ ነዋ! ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከዚያ እምቢ አልኩ።

አባትሽ ከቤቱ አይወጣም፣ የሺ። ጠዋት ቀስቅሶ የሚያስከትለው፣ «አማረኝ» የሚለው ሰው ያለው እዚህ ነው። ከዚህ አውጥቼው ቢወድቅ በምን ዓይኔ ገንፎ አቀርብልሻለሁ? ጠርሙስ ባስያዝኩሽ ጊዜ ሁለታችሁንም በድያለሁ፤ አሁን አንዳችሁን በሌላችሁ አልለውጥም። ዳግመኛ አይጠጣም ብዬ አልምልልሽም። ዛሬ አባትሽ አልጠጣም፤ የማውቀው ይህን ነው።

ይቅር በይው አልልሽም፤ ይቅርታው የአንቺ ነው። ክፍልሽን ግን እሱ ራሱ ኖራ ቀብቶታል። «ካልመጣችስ?» ብለው፣ «የተቀባ ክፍል ይኖረናል» አለኝ።

ካልመጣሽ እኔ እመጣለሁ። ሰኔ ሲያልቅ ቅቤዬንና የገንፎ ዱቄቴን ይዤ አማትሽ ደጅ እቆማለሁ፤ ከአሁኑ ንገሪያት። ሐረርም ሆነ አሰበ ተፈሪ፣ ቦታውን አንቺ ምረጪ። የልጅ ልጄን ግን የምቀበለው እኔ ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ከአንቺም ከአባትሽም ጋር አልማከርም።

እናትሽ
ተናኘወርቅ