«ሲምፓቲኮ» ያስቸገረችኝ ሰሞን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከረምክ? ናፍቆቴ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ድካሙን ካልቆጠርነው ደህና ነን።

አባባ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም የጀመረውን የስፓኒሽ ልብወለድ የምጨርሰው እኔ ሆኛለሁ፤ እሱ ዓይኔን ላሳርፍ ብሏል። ሰሞኑን «ሲምፓቲኮ» የምትል ቃል አላላውስ ብላኛለች። ደስ የሚል፣ ገና ሲያዩት የሚቀርቡት ሰው ማለት ናት። «ናይስ» ብለው ቀለለብኝ፣ «ቻርሚንግ» ብለው በዛብኝ። አሳታሚዋ ደግሞ በየቀኑ እየደወለች «አላለቀም እንዴ?» ትለኛለች።

ትናንት ከሰዓት መስኮቱ ሥር የአባባን ጥፍር እየቆረጥኩለት «ሲምፓቲኮን አንተ ምን ትለው ነበር?» አልኩት።

ትክ ብሎ አየኝና «እንዳንቺ ያለ ነዋ! ደስ የምትዪ ልጅ ነሽ። የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ።

ሳቅኩ። ቀልድ መቼ ይለቀዋል! «ያንተ» ስለው እሱም ሳቀ። ቆይቶ እጄን ያዘና «አባትሽ ታድሏል» አለኝ።

ቃሏን እስካሁን አልተረጎምኳትም።

ለከርሞ እመጣለሁ ያልከውን ወደዚህ ወር ብታመጣው ምን ይመስልሃል? ሥራ ካልያዘህ ነው። ስትመጣ ግን ያን አዲሱን ጢምህን ተላጨው፤ አባባ የሚያውቅህ ያለ ጢም ነው።

በያለህበት ሰላም ያቆይልኝ።

እህትህ