የሐሙስ መርፌ

ሰኔ 5 ቀን 1979 ዓ.ም.
ግሼ፣ ከራቤል በላይ

ውድ ተክለጻድቅ፣

ጤናዬን አጎትህ ወልደ ጻድቅ በዓይናቸው አይተው አንተ ያለህበት ዓለም ከተማ ድረስ ወሬውን አድርሰውልሃልና እሱን አልደግምልህም። ይህን የምጽፈው ግን ራሴ ነኝ። ስትሄድ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። መሠረተ ትምህርት ሲመጣ ከበሩ አጠገብ፣ ከሌላው ሰው ራቅ ብዬ ተቀምጬ ተማርኩ። መምህሩ ደብተሬን እንኳ በእጁ አይቀበለኝም ነበር፤ መሬት ላይ አስቀምጬ ፈቀቅ ስል ያነሣዋል።

እንታረቅ ብለህ ለላክሃቸው ሽማግሌዎች መልስ ሳልሰጥ ስድስት ሳምንት አለፈ። የዘገየሁበትን ምክንያት ለአንተ ብቻ ልንገርህ።

በሽታው ከክርኔና ከጉልበቴ ሲጀምር አብረን ነበርን። ነጩ ቅርፊት ከልብሴ ላይ ሲራገፍ፣ መንደሩ ቁምጥና ነው ሲል፣ አንተ ጠበል ይዘኸኝ ሄድክ። ሰባት ሳምንት አብረኸኝ ሰነበትክ፤ ይህን አልረሳሁልህም። ከዚያ ግን እናትህ ዋንጫዬን ለዩ፣ አንተም መኝታህን ለየህ። አንድ ጠዋት “በግ ሸጬ በሳምንቱ እመለሳለሁ” ብለህ ተነሣህ። ዳዊትህን ከማኅደሩ ጋር ከግድግዳው ስታወርድ አየሁ። ለአንድ ሳምንት የሚሄድ ሰው እሱንም በርኖሱንም አይዝም። አውቄ ዝም አልኩህ። ለምነሽው ቢቀር ኖሮ ምን ትጠቀሚ ነበር እያልኩ ራሴን ስጠይቅ ኖሬያለሁ።

ከዚያ በኋላ የፈተልኩትን የበግ ፀጉር የሚገዛኝ ጠፋ። ጎረቤቴ እታገኝ ልቃቂቱን የራሷ አስመስላ ባትሸጥልኝ ኖሮ ረሃብ ይጨርሰኝ ነበር። ተከልሎ የሚቆየው የጓሳ ሜዳ ለአጨዳ ተከፍቶ ሰው ለቤቱ ክዳን ሣር ሲያጭድ፣ እኔ ሁሉም ከተመለሰ በኋላ ሄጄ የተረፈውን እለቅም ነበር። ቀኑን ሙሉ ድምፄን ሳልሰማ የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

በ1976 በዕውቀቱ የሚባል ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋ የጤና ሠራተኛ፣ ራቤል ክሊኒክ ተመደበ። እታገኝ እየጎተተች ወሰደችኝ። ሰውየው ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ።

“ዓይንሽን ጨፍኚ” አለኝ። ጉልበቴ ላይ፣ ከቅርፊቱ መካከል፣ በመርፌ ጫፍ ነካ አደረገኝ። “ምን ተሰማሽ?”

“አመመኝ።”

“እንኳን አመመሽ። ቁምጥና ቢሆን ይሄ ቦታ ይደነዝዝ ነበር።”

ወረቀት ጽፎ አዲስ አበባ ላከኝ። ከገበሬ ማኅበሩ የይለፍ ወረቀት ለምኜ፣ አውቶቡስ ላይ ነጠላዬን እስከ ጣቴ ድረስ ተከናንቤ ሄድኩ። ሆስፒታል ያዩኝ ሐኪም ሴት ነበሩ። “ሶሪያሲስ ይባላል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም” አሉኝ።

“አብሮኝ የተኛ ሰውስ?”

“አይጋባበትም።”

ሁለተኛ እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው፤ ሳይሰለቹ ነገሩኝ። መድኃኒቱ ሜቶትሬክሴት የሚባል ቢጫ መርፌ ነው። “ፈጽሞ አያጠፋልሽም፣ ያስታግሥልሻል። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ካበዛሽው ይገድላል። በየጊዜው እየመጣሽ ደምሽ ይታያል። ጠላም አረቄም አትቅመሺ። እየተወጋሽ እንዳታረግዢ፣ ጽንሱን ያበላሻል። ባል አለሽ?”

“ነበረኝ” አልኩ።

“ወደፊት መውለድ ብትፈልጊ ንገሪኝ። መድኃኒቱን አቁመሽ ወራት መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ መካከል ግን በሽታው ሊመለስ ይችላል” አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ በየሐሙሱ ሦስት ሰዓት በእግሬ ወደ ራቤል እወርዳለሁ። በዕውቀቱ መርፌውን ቀቅሎ ይወጋኛል፣ ሦስት ሰዓት ደግሞ ሽቅብ። ዓርብ ዓርብ ሆዴ ይገለባበጥብኛል፣ እህል አይወርድልኝም። በአራተኛው ወር ቅርፊቱ ረገፈ፣ በስድስተኛው ክንዴ የልጅነቴን መልክ ያዘ።

ሰው መልሶ የሚቀበለኝ መስሎኝ ነበር። የማርያም ማኅበርተኞች ጠሩኝ፤ በስንት ዓመቴ ጽዋው እጄ ገባ። ጠላ ነበር። ከንፈሬን አስነክቼ ለሚቀጥለው አሳለፍኩት። በመድኃኒት ምክንያት ነው ብዬ ብናገርም የሰማኝ የለም። “ቂም ይዛለች፣ ጽዋችንን ናቀች” ተባለ። በሚቀጥለው ወር አልጠሩኝም።

ከዳግማዊ ትንሣኤ ማግስት አጎትህ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። መጸጸትህን፣ አሁንም ሚስት አለማግባትህን ነገሩኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሽሃለሁ። ከዚያ አጎትህ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ “እስቲ ልጄ፣ ክንድሽን አሳዪን” አሉ።

“ለምን?”

“አይቼ እንድነግረው አደራ ብሎኛል።”

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው አሹት፣ አገላብጠው አዩት፤ ከገበያ በግ እንደሚመርጥ ሰው። “ንጹሕ ነው” አሉ ለጓደኞቻቸው። “እንግዲህ ልጅም ትወልጂለታለሽ።”

ቀን ስጡኝ ብዬ ሸኘኋቸው።

ከዚያ ለማንም ያልነገርኩትን አደረግሁ። መርፌውን ተውኩ። ልጅ አማረኝ፣ አንተም አማርኸኝ። ሐኪሟ ያሉትን ወራት መጠበቅ ልጀምር ብዬ ስድስት ሐሙስ ቀረሁ። በዕውቀቱ ሰው ቢልክብኝ አሞኛል አልኩ። በአምስተኛው ሳምንት ክርኔ ላይ የባቄላ ፍሬ የምታህል ቀይ ነጥብ ወጣች፣ ሰነባብታ ነጭ ቅርፊት ለበሰች። ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ሳያት ዋልኩ። በሽታው ብቻውን እንደማያስፈራኝ ያን ዕለት ገባኝ፤ ለብቻዬ ችዬዋለሁ። ያስፈራኝ አንተ ቤት ውስጥ እያለህ ሲመለስ ነው። ሆዴ ገፍቶ፣ ገላዬ ሁሉ ቅርፊት ሆኖ፣ አንተ ስትነሣና ስትቀመጥ ዓይንህን እየተከታተልኩ ዛሬ ይሄዳል ነገ ይሄዳል እያልኩ መኖር አልችልም። ንጹሕ ክንድ የፈለገ ሰው ያን ጊዜ ምን እንደሚያደርግ አንድ ጊዜ አይቻለሁ።

ትናንት ወደ ራቤል ወርጄ ተወጋሁ። በዕውቀቱ ክርኔን አይቶ መርፌውን ለመቀቀል ተነሣ። ዛሬ ሆዴ እየተገለባበጠ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አትምጣ፣ ተክለጻድቅ። ለሽማግሌዎቹ “አልተስማማንም” ብቻ እላቸዋለሁ፣ ምክንያቱን ከእኔ አይሰሙም። አንተም ሰው ቢጠይቅህ እንዲሁ በል። ሚስት አግባ፣ ውለድ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው፤ እያለቀስኩ ብጽፈውም ከልቤ ነው።

ምናልባት አንድ ቀን ከቤትህ ሰው አንዱ እንደኔ ቢሆን፣ ቶሎ ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ሐኪሙ ስሙን ሲጠራ ደጅ አትቅር፤ አብረኸው ግባ።

አስካለ ማርያም