የማርያም መርዶ

የካቲት ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓ.ም.፣ እንጦጦ፣ የጦር ሰፈር

ዛሬ ከአገሬ ከጎንደር የመጣ ነጋዴ ቀበና ወንዝ በቅሎውን ሲያጠጣ አገኘሁትና የአገር ወሬ ጠየቅሁት። መርዶ በማለዳ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገር። እሱ ግን ልጓሙን እንደያዘ፣ «ደርቡሽ ከሱዳን ገብቶ ማርያምን አቃጠላት፤ ካህናቱንም በር ላይ አረዳቸው» አለኝ። ክርስትና የተነሣሁባት ማርያም ናት።

ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። አለቃዬን፣ «ጌታዬ፣ ያሰናብቱኝ፤ ሄጄ ልዋጋ» አልኋቸው።

«ያ የጌታችን የንጉሡ ግዛት አይደለም። አንተ እዚህ የማልህ ወታደር ነህ።»

«ታቦቷስ የማን ናት?»

«ለአባትህ ለቅሶ ቢሆን በፈቀድሁልህ ነበር» አሉ።

«አባቴ እኮ የተቀበረው እዚያው ማርያም ግቢ ነው።»

«ለእሱማ ድሮ ተለቅሶለታል።»

ከዚያ የነገን ሥራ አዘዙኝ። እዚህ ተራራው ላይ ለሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ጽድ እንድቆርጥ ነው። እምቢ እንዳልል የእግዜር ቤት ነው፤ እሺ ብዬ ስቆርጥ ደግሞ የነደደው ጣራ ዓይኔ ላይ ሊመጣ ነው።

ጦሬ እንደተሰቀለ ነው። መጥረቢያዬን ስዬ ተቀመጥሁ።