ጣሪያው የሚነሳው ቤት

ውድ ጌታነህ፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከሁለት ወር ሞላ። እንዴት ነህ ብዬ አልጠይቅህም፤ በማን እጅ እንዳለህ አውቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ። እንዳትስቅብኝ እንጂ ወፍሬያለሁ። ሐዘንተኛ ይከሳል ይላሉ፤ እኔን ግን ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ብይ፣ በሞቴ ብይ ሲለኝ ከረመ፣ እምቢ ማለት ደግሞ መቼም ሆኖልኝ አያውቅም።

ከተማችን ቆሰበር እንደተውካት ናት። ብርዱ ያው ነው፣ ጉሙ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል፣ ባጃጁ ግን በዝቷል። የስፌት መኪናዬ አልተሸጠችም፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁባት እውላለሁ። ልጃችን ሕይወት ሥራ ተቀይራ ዳንግላ ገብታለች። ባጃጅ ደጇ ላይ ቆሞ እያለ በጋሪ ነው ቢሮ የምትሄደው። የአንተ ልጅ አይደለች፣ ዘመናዊ ነገር ቶሎ አይጥማትም።

ትልቁን ወሬ ወደኋላ አልጎትተውም። ቤቱ ሊፈርስ ነው። እማማ የሺ፣ ያን ሁሉ ዘመን አከራያችን ሆነው እንደ እናት የኖሩልን፣ በቀደም መጥተው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ልጆቻቸው ግቢውን ሁሉ አፍርሰው ፎቅ ሊያቆሙበት ነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ልቀቂ ተብያለሁ። ይህን ሲነግሩኝ እርሳቸው አለቀሱ፣ እኔ አጽናናኋቸው። አይ የኔ ነገር! የምለቀው እኔ፣ የማባብለው እኔ። ሕይወት ወሬውን ስትሰማ ወዲያው ነይ እኔ ጋ ብላለች፤ እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ ወደ ተወለድኩበት ዳንግላ መመለሴ ነው።

ላፕቶፕህን ያገኘሁት ዕቃ ስሸክፍ ነው። ጠፍቶብኝ አልነበረም፣ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ካንተ በኋላ ግን አልከፈትኩትም። ለምን እንደሆነ ዛሬ ልንገርህ። ያን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር የሆዴን ሁሉ የነገርኩህ ሰው፣ አንዲት ነገር ግን በሆዴ ይዤ ቀርቻለሁ።

የሙሽራ ቀሚስ እየሰፋሁ ዝናቡ በጣሪያው ቀዳዳ ገብቶ ነጩን ጨርቅ ያበላሸብኝን ቀን ታስታውሳለህ? አንተ ግምጃ ቤት ከተማ የአንድ ነጋዴ የድንጋይ ቤት ጨርሰህ፣ መርቀው ሸኝተውህ፣ ፊትህ በርቶ ገባህ። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ ያገሩን ሰው ሁሉ ቤት ገንብተህ እኔን በሰው ቤት አስረጀኸኝ፣ እኔ ቤት የለኝም አልኩህ። ምንም አላልክም። ባልዲውን ከሚያፈሰው ሥር አስቀመጥክ፣ ዝናቡ ሲያባራ መሰላል ይዘህ ወጣህ፣ ቀዳዳውን ደፈንክ። በዚያው ዓመት በበጋው ወገብህ ተጎዳ። ድንጋይ ማንሳት ቀረ፣ ልትሠራልኝ ያሰብከውም ቤት አብሮ ቀረ። ያን ቃል መልሼው አላውቅም። መጀመሪያ ኩራት ያዘኝ። ኋላ ደግሞ ማንሳቱ ቁስልህን መነካካት መሰለኝ። ዓመቱን ሙሉ ያን ቃል ይዘኸው የሄድክ እየመሰለኝ ነው የኖርኩት።

ላፕቶፑን የፈራሁት ለዚህ ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት ትራስ ተደግፈህ ላፕቶፑ ላይ የምትሠራው አንድ ቤት ነበር። ምንድን ነው ብዬ ስጠጋ ስክሪኑን ታዞርብኛለህ። እኔም በቃ፣ በድንጋይ ያልሠራልኝን ቪላ በጨዋታ ጡብ እየሠራልኝ ነው፣ ቃሌ ሆዱ ውስጥ አለ ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ። ያን ቪላ ከማየት ዓይኔን መጨፈን መረጥኩ።

አጀማመሩን ሳስታውስ ግን እስካሁን እስቃለሁ። ጸሎት ቤታችን ለሕጻናት ክፍል አንድ ካርቶን ሙሉ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ጡብ ደርሶት ነበር። የአሠራር ወረቀት የለው፣ ምን የለው፣ ልጆቹ እየተነጣጠቁ ይላቀሱበታል። አንተ ድንጋይ የናፈቀህ ሰው ካርቶኑን ታቅፈህ ቤት ይዘኸው መጣህ። ምስር እንደምንለቅም ሰፌድ ላይ ዘርግተን ቀዩን ከቀይ፣ ነጩን ከነጭ ለየን። አንተ በእናትህ ቋንቋ በአገውኛ ትቆጥራለህ፣ እኔ በአማርኛ እጽፋለሁ፣ መሀል ላይ ቁጥሩ ይምታታብንና እንደ አዲስ እንጀምራለን። በሁለተኛው ቀን ማታ ዝርዝሩ አለቀ፤ ግድግዳው ላይ ለጠፍከው።

ሕይወት ለበዓል መጥታ ያን ዝርዝር ስታይ ነው አሮጌ ላፕቶፗን ትታልህ ፕሮግራሙን የጫነችልህ። የዓለምን ጡብ ሁሉ በሥዕል የያዘ ነገር። በማውስ እየጎተትክ ትገጣጥማለህ፣ ዙሪያውን እያዞርክ ታያለህ፣ ሲያልቅ ደግሞ ልጆቹ ደረጃ በደረጃ እየተከተሉ የሚሠሩበትን ወረቀት ያወጣልሃል።

የመጀመሪያ ሳምንትህን አልረሳውም። አምስት ረድፍ ትደረድርና ላፕቶፑን ትዘጋለህ። ምነው ስልህ፣ ግንቡ ይረፍ፣ ሳይደርቅ ቢጫንበት ይሰነጠቃል አልከኝ። አንተ ሰውዬ፣ የኮምፒውተር ጡብ ሊደርቅ! ለሕይወት በስልክ ስነግራት በሳቅ ፈረሰች። አንተ ኮስተር ብለህ በማግስቱ አምስት ረድፍ ጨመርክ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። አንድ ጡብ ከሥሩ ምንም ሳይኖር አየር ላይ ቆሞ ስታገኘው ለልጅቱ ደውለህ፣ ይህ ፕሮግራምሽ ውሸታም ነው አልካት። ከዚያ ወዲያ የግንበኛ ቱምቢ የያዝክ ይመስል መሠረት ሳታወጣ አንድ ግድግዳ አላቆምክም፤ ከመሬት በታች የሚቀረውን፣ ማንም የማያየውን ሁሉ ትሠራው ነበር።

ደግሞ የማትጥሰው ሕግ ነበረህ። ፕሮግራሙ ያሻህን ያህል ጡብ ይሰጥሃል፤ አንተ ግን ካርቶኑ ውስጥ የሌለ ጡብ ዘወር ብለህ አታይም። ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ሰማያዊ ተብሎ ከተጻፈ አሥራ አምስተኛው አይገባም። ሕጻኑ ወረቀቱን ይዞ ጡቡን ፈልጎ ቢያጣስ፣ እኔ ነኝ የማፍረው ትል ነበር።

ሥራው ሲያልቅ ፕሮግራሙ ልክ ፎቶ የሚመስል ሥዕል ያወጣል። ብርሃኑን፣ ጥላውን፣ የጡቡን ማብረቅረቅ ራሱ አስልቶ ይሥለዋል። ሕይወት ሬንደር ትለዋለች፣ አንተ እየበሰለ ነው ትላለህ። እውነትህን ነበር፤ ያ ላፕቶፕ ከሽንብራ ይብሳል። ባትሪው የሞተ ስለሆነ ደግሞ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል፣ አንተም እጅህን አጣምረህ፣ ጥሬ ቀረ ትለኝና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። ስንቴ ተጨቃጨቅን! ይህን ሁሉ ሰዓት አንድ ሥዕል ከመጠበቅ ተነስተህ ፀሐይ ብትሞቅ ምን አለ እልሃለሁ። አንተ ግን ልጆቹ ሥዕሉን አይተው ነው የሚጎመጁት ብለህ አትነቃነቅም። አሁን ሳስበው እነዚያ ከወገብህ በኋላ የመጡ ዓመታት ከትዳራችን ሁሉ ያማሩት ነበሩ። ቀን ቀን ቤት ዋልክልኝ። እኔ በመኪናዬ፣ አንተ በማውስህ፣ አንድ ክፍል ውስጥ እየተነቋቆርን ሠራን። ጌታ ይመስገን እላለሁ፣ ያን ጊዜ ግን ብዬ አላውቅም።

ወረቀቶችህ ደህና ናቸው። በፕላስቲክ አስለብጠናቸዋል። ጋሪውን ከነፈረሱ፣ ድልድዩን፣ ጸሎት ቤቱን ልጆቹ እሁድ እሁድ ያፈርሳሉ፣ ይሠራሉ። ባለፈው አንዲት ኮልታፋ ልጅ አልገጥም ሲላት ጓደኛዋ ወረቀቱ ተሳስቷል ብትላት፣ የጋሼ ጌታነህ ወረቀት አይሳሳትም ብላ ተቆጣች። እውነትም ጡቡን ገልብጣ ይዛው ኖሯል። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ!

ከዚያ ጨጓራ ነው ስንለው የከረምነው ሕመም ሌላ ሆኖ ተገኘ፤ እሱን አንተም ታውቀዋለህ፣ አልመልሰውም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ነው ደፍሬ የከፈትኩት። ፋይሉን አላጣሁትም፤ ከሁሉም በላይ ነበር፣ ቤታችን የሚል ስም ሰጥተኸዋል። ተጫንኩት። ቪላ የለም። ፎቅ የለም። የወጣልኝ ይኸው አሁን የተቀመጥኩበት፣ የእማማ የሺ ቤት ነው። አረንጓዴው በር። ወደ ግራ ያዘመመው ወጥ ቤት። እንጨት ላይ የወጣው የውሃ ሮቶ። የዛገው ቆርቆሮ፣ የደፈንከው ቀዳዳ እንኳ ሳይቀር፣ ቀለሙ ለየት ባለ አንድ ጡብ። ቀና ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ዝርዝርህን አየሁ፤ የዝገት ቀለም ያለው ጡብ ካርቶኑ ውስጥ የለም። አረንጓዴ በርም የለም። ለዓመታት አንዲት ጡብ ያልሰረቅከው ሰውዬ ለዚህ ቤት ስትል ሕግህን ሁሉ ጥሰሃል።

ላጎላው ብዬ አንዱን ስነካ፣ ሌላውን ስነካ፣ ጣሪያው ብድግ ብሎ ጠፋ። ወይ ጉዴ፣ የሰውየውን ቤት አፈረስኩበት ብዬ ደነገጥኩ። ለካ ውስጡም ተሠርቷል። አልጋችን አለ። መደርደሪያው አለ። መስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዬ፣ ላይዋ ላይ አንዲት ነጭ ጡብ እንደ ጨርቅ ተዘርግታ፣ ፊት ለፊቷ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሴት ተቀምጣለች። እኔ ነኝ። በጣሪያ ተሸፍኖ ማን እንዲያየው ነው እንደዚያ የደከምክበት?

አንተን ፈለግኩህ። አልጋው ላይ የለህም። በሩ ላይ የለህም። ዙሪያውን አዞርኩት፣ ከሮቶው ጀርባ አየሁ፣ ወጥ ቤት ገባሁ። የለህም። ከዚያ ገባኝ። ካንተ በኋላ የሚሆነውን ቤት ነው የሠራኸው። እንደምትሄድ አውቀህ፣ እኔን ሞቅ ባለው መስኮት ሥር አስቀምጠህ፣ በሩን ዘግተህልኝ ሄድክ። ጮኼ አለቀስኩ። እማማ የሺ በቤቱ ነገር መስሏቸው ሮጠው መጡ፤ ስክሪኑን አዞርኩላቸው። ሮቷቸውን ሲያዩ ሳቁ፣ እኔን ሲያዩ አቀፉኝ።

ጌታነህ፣ ቤት የለኝም ስልህ ዝም ያልከው የተቀየምክ መስሎኝ ነበር። የተቀየመ ሰው ግን ያዘመመ ወጥ ቤት በልኩ አይሠራም። እኔ የሰው ቤት ስለው የኖርኩትን አንተ ቤታችን ትለው ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ከሸክሜ ጋር የታገልኩት ብቻዬን ነበር፤ አንተ ገና ድሮ ጥለኸዋል። ስለዚህ አመሰግንሃለሁ። ስለ ዝምታህ፣ ስለ መሰላሉ፣ በእነዚያ በሚያሙህ ጣቶች ስለጎተትካት እያንዳንዷ ጡብ አመሰግንሃለሁ። በቁምህ ብነግርህ ምንኛ በወደድኩ።

በአንድ ነገር ግን ካንተ ጋር አልተስማማሁም። ጣሪያውን እንዴት እንደምመልስ ሕይወት በስልክ ከነገረችኝ በኋላ፣ ሰውስ ከየት ነው የሚመጣው አልኳት። አሳየችኝ። ባርኔጣ ያለው አንድ ሰውዬ መረጥኩና ጎተትኩት። በማውስ ጎትቼ አላውቅምና ስለቀው ጣሪያው ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ። ውረድ፣ ወገብህን አታውቀውም እንዴ ብዬ ጮህኩብህ፤ ስልኩ ውስጥ ያለችውን ልጅህን ስታለቅስ ሰማኋት። ደጅ ጣልኩህ፣ ግድግዳ ውስጥ ቀበርኩህ፣ በመጨረሻ ጣሪያውን አንስቼ፣ ወንበር አምጥቼ ከመኪናዬ አጠገብ አስቀመጥኩህ። ከዚያ ሬንደር የሚለውን ተጫንኩ። መብራት አልሄደም። ሥዕሉ አልቆ ሲወጣ ብርሃኑ በመስኮቱ ገብቶ ሁለታችንም ላይ አርፏል።

ዳንግላ ስገባ መጀመሪያ የምሰቅለው እሱን ነው። ሕይወት ወልዳ ልጆቿ ሲያድጉ ጣሪያውን እያነሳሁ አያታቸው የት እንደሚቀመጥ አሳያቸዋለሁ፤ ስምህን እየሰሙ ያድጋሉ፣ እኔ እያለሁ ይህ አይቀርም። ያን ክፉ ቃል ግን ይዤው አልሄድም፤ ከዚህ ደጃፍ ሳልወጣ መልሼዋለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ መኪናው መጥቶ ዕቃዬን ሲጭን፣ ከሰው ቤት ወጣች እንዳይሉኝ። ቤት ነበረኝ፣ ጌታነህ። የምወጣው ከቤቴ ነው።

ያንተው እናኑ